ታርጋዬን ያስፈታችው ነጭ መስመር

ቡና ጠጥቼ ስመለስ ቪትዟ እንዳቆምኳት ቆማለች። ጎማው አለ፣ ስፖኪዮው አለ (ባሁኑ ጊዜ ሰው መጀመሪያ ሚያየው ስፖኪዮውን ነው)፣ ዞር ብዬ ከፊት ሳያት ግን የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ መስላለች። ታርጋው ተፈቷል፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ብቻ ቀርተዋል። እውነቱን ልናገርና ታርጋ ሲፈታብኝ የመጀመሪያዬ አይደለም፣ ባለፉት ሁለት ጊዜያት ጥፋቱ የኔ ነበር፣ አንዴ ታክሲ መያዣ ላይ አንዴ ደሞ ዜብራ አፍንጫ ስር አቁሜ ነው፣ ያኔ ዝም ብዬ ከፍዬ ወጣሁ። ያሁኑ ግን አልዋጥልኝ አለ፣ ምክንያቱም ያቆምኩት ነጭ መስመር ውስጥ ነው፣ መስመሩ ውስጥ ያስገባኝ ደሞ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰ ልጅ ነው፣ "ና… ና… ወደ ግራ ስበር… በቃ!" ብሎ፣ 10 ብር ተቀብሎ ቁራጭ ወረቀት ዝናብ መጥረጊያው ስር ሰክቶልኛል። ታርጋውን የፈቱት ሰዎች ወረቀቷን እንኳን አልነኳትም፣ እዛው መጥረጊያው ስር ሆና በሐይቁ ነፋስ ትርገበገባለች።

ቦታው ከጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ጣና ከሚወርዱት መንገዶች አንዱ ነው፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ ዘንባባ ያለበት ነው ብላችሁ ደሞ የባህር ዳር መንገድ ግማሹ እንደዛ ስለሆነ ምንም አልነገርኳችሁም ማለት ነው።

ታርጋዬን ላስመልስ የሄድኩበት ቢሮ መስኮት ላይ የነበሩት ሰውዬ ትሁት ሰው ናቸው፣ ይሄን ሳልናገር አላልፍም። "እዛ ጋ ማቆም ክልክል ነው" አሉኝ። "ኧረ ጋሼ፣ ክልክል ነው ሚል ታፔላ የለም፣ ጭራሽ ማቆሚያ ተሰምሮበታል" አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። "የትኛው መስመር? እኛ እዛ መንገድ ላይ ያሰመርነው የለም።" ፎቶ አሳየኋቸው። ስልኬን ተቀብለው በሁለት ጣት አሰፍተው አዩና "ይሄ የኛ አይደለም" ብለው መለሱልኝ፣ ከዛ ያቺን ሁላችንም የምናውቃትን ጨመሩባት፣ ሕግን አለማወቅ ከቅጣት አያድንም። ከፈልኩ። ታርጋዬን ብብቴ ስር ይዤ ወጣሁ፣ ከአንድ ጎሚስታ ካቻቢቴ ተውሼ ገጠምኩ።

"ይሄ የኛ አይደለም" ያሏት ነገር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። መንገድ ላይ ያለ መስመር የማን ነው? ማንም ሰው ቀለም ገዝቶ አስፋልት ላይ ቢያሰምር ማቆሚያ ይሆናል? ካልሆነ ደሞ እኔ ከመኪናዬ ወርጄ ይሄ የመንግስት ነው ያኛው የግለሰብ ነው ብዬ በምን ልለይ፣ ማህተም የለው።

ሳምንቱን ሙሉ ማታ ማታ ስራዬ ስለዚህ ማንበብ ሆነ (ባለቤቴ "ለአንድ ታርጋ ብሎ ማስተርሱን ሊይዝ ነው" እያለች ለእናቷ በስልክ ታወራለች)። ነገሩን አብጠርጥረው ጽፈው ያገኘኋቸው እንግሊዞቹን ነው፣ በኔ አማርኛ ላስቀምጠው ካልኩ የመንገድ ዳር ማቆሚያ እነሱ ጋ ሦስት ጉልቻ አለው። አንደኛው ውሳኔው ነው፣ ሥልጣን ያለው አካል ከዚህ እስከዚህ፣ ለዚህ አይነት መኪና፣ በዚህ ሰዓት ማቆም ይቻላል ብሎ በጽሁፍ ያወጣው ትዕዛዝ። ሁለተኛው አስፋልቱ ላይ ያለው ቀለም ነው። ሦስተኛው ቆሞ ሚታየው ታፔላ፣ ያ ሰማያዊ ላይ ነጭ ፒ ያለበት፣ ከስሩ ሰዓቱና ክፍያው ሚጻፍበት። ቀለሙ ብቻውን ሕግ አይደለም፣ ወረቀቱ ብቻውንም ሾፌር አያስቀጣም፣ አብዛኛውን ጊዜ ድስቱ ሚጣደው ሦስቱ ሲገጥሙ ነው።

ቀለም ብቻውን ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያየሁት በአንድ ነገር ነው። እንግሊዝ አገር አካል ጉዳተኛ ሰው ደጃፍ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ያለ ትዕዛዝ ሚያሰምራቸው ማቆሚያዎች አሉ፣ በራሱ በማዘጋጃ ቤቱ ሰራተኛ፣ በትክክለኛ ቀለም የተሰመሩ ማለቴ ነው፣ ግን ከኋላቸው ትዕዛዝ ስለሌለ ማንም መጥቶ ቢያቆምባቸው ሚቀጣበት ሕግ የለም፣ ሚከበሩት በይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ሚለውን ቃል እነሱ እንዴት እንደሚሉት እንጃ እንጂ ነገሩ እሱ ነው። እኛ ይሉኝታ አለን እያልን እንመጻደቃለን፣ እዚህ አንድ ሰው ቤት ደጃፍ ላይ እንደዛ ያለ መስመር ቢሰመር ሁለት ባጃጅ ገብቶበት እስኪያድር ስንት ደቂቃ ይፈጃል ብላችሁ ነው።

ልኩስ? የእንግሊዞቹ የመንገድ ምልክት ደንብ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የወጣው፣ ከዛ በፊት የነበረው የ2002ቱ በጣም ጥብቅ ነበር፣ አዲሱ ትንሽ ላላ አድርጎታል። የማቆሚያ መስመር ነጭ ነው፣ የመኪና ማቆሚያ ወርዱ ከ1.8 ሜትር አይጠብም። የአካል ጉዳተኛ ማቆሚያ መንገድ ዳር ከሆነ ርዝመቱ 6.6 ሜትር ነው ሚባለው፣ መጀመሪያ ሳየው ይሄ ለአይሱዙ ነው እንዴ ብዬ ነበር፣ በኋላ ነው የገባኝ፣ ዊልቸር ከመኪናው ኋላ ይወርዳል፣ ያ ሰው ዊልቸሩን ሚያወርደው ሚመጣ መኪና መሀል ገብቶ መሆን የለበትም።

ቀለሙ ነጭ መሆኑም እንደየአገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት የመንገድ መስመር ነጭ ወይ ቢጫ ይሁን ይላል፣ ለማቆሚያ ብቻ ሰማያዊም ይፈቀዳል ብሎ አንድ ቀዳዳ ትቷል፣ ጣልያኖቹ በዛች ቀዳዳ ገብተው ነጩን በነጻ ማቆሚያ፣ ሰማያዊውን የክፍያ፣ ቢጫውን ለተለየ ሰው የተያዘ አደረጉት። ቆንጆ ነገር ነው በውነት። ሮም ሄዶ ቋንቋ የማይችል ሰው ኪሱን ማውጣት እንዳለበት በቀለሙ ያውቃል። ካሊፎርኒያዎች ደሞ የጠርዙን ድንጋይ ነው ሚቀቡት፣ ቀይ ከሆነ ጭራሽ እንዳትቆም፣ ቢጫ መጫኛና ማውረጃ፣ አረንጓዴ ለአጭር ጊዜ፣ ሰማያዊ ለአካል ጉዳተኛ፣ ነጭ ደሞ ሰው ለማውረድና ለማሳፈር። እኛ ጋ የጠርዝ ድንጋይ ሚቀባው እንግዳ ሲመጣ ነው።

ወደኛ እንምጣ። እኛም ደንብ አጥተን አይደለም። የፌደራሉ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ አለ፣ አሽከርካሪ ታፔላውንም አስፋልቱ ላይ ያለውንም ምልክት ማክበር አለበት። ክልሉ ደሞ ሕጉን ሚያትምበት ዝክረ ሕግ አለው። እና እኔን የበላኝ ነገር ይሄ ነው፣ የፌደራሉ ሕግ ሚታተምበት ጋዜጣ ስሙ ለምን ነጋሪት ሆነ? ድሮ አዋጅ ሲወጣ ገበያ መሀል ነጋሪት ተጎስሞ "ስማ ስማ፣ ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ" ይባል ነበር፣ ሳይጎሰም የተቀጣ ሰው "መቼ ተጎሰመና" ቢል ማን ይፈርድበታል። ለሾፌር ነጋሪቱ ቀለሙና ታፔላው ነው። እኔ መሪ ይዤ፣ ባጃጅ በግራ በቀኝ እየተሹለከለከብኝ ዝክረ ሕግ ላነብ አልችልም። መስኮት ላይ ያሉት ሰውዬ ሕግን አለማወቅ ሲሉኝ ሕጉንስ አውቃለሁ ጋሼ፣ ያልሰማሁት ነጋሪቱን ነው ማለት ነበረብኝ፣ ግን እንደዚህ አይነት መልስ ሁሌ ሚመጣልኝ ቤቴ ገብቼ ካልሲ ሳወልቅ ነው።

በርሚንግሃም ሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ፣ ይሄን ሁሉ በቴሌግራም ቮይስ ስተርክለት ሳቀና የራሱን ነገረኝ። እሱም ተቀጥቶ ነበር፣ ለነዋሪ ብቻ የተባለ ማቆሚያ ላይ አቁሞ፣ የመስመሩ ግማሽ በጎማ ተፍቆ ጠፍቷል ብሎ ተከራከረ። በ14 ቀን ውስጥ ከከፈልክ ግማሹን ነው ምትከፍለው፣ እሱ ግን የጎጃም ልጅ ነው፣ ገንዘቡ ሳይሆን ነገሩ ነው ብሎ እምቢ አለ። መጀመሪያ ለማዘጋጃ ቤቱ ጻፈ፣ አልተቀበሉትም፣ ከዛ ለባለንብረቱ ሚላክ ወረቀት መጣለት፣ በ28 ቀን ውስጥ መልስ ስጥ ሚል፣ መለሰ፣ አሁንም እምቢ። ከዛ በላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ነጻ የሆነ የትራፊክ ቅጣት ይግባኝ ሰሚ አለ፣ እዛ ለመሄድ ሳንቲም አይከፈልም፣ ፎቶዎቹን ልኮ በስልክ ተሰማ።

ተሸነፈ። እኔ ሊያሸንፍ ነው ብዬ አፌን ከፍቼ ስጠብቅ ተሸነፈ። ዳኛው እንዲህ ብለው ነው የጻፉለት አለኝ፣ ታፔላው ቆሟል፣ ይነበባል፣ የቀረው ግማሽ መስመርም ማቆሚያው የት እንደሆነ ያሳያል፣ አንተም ነዋሪ አይደለህም፣ ማን አሳሳተህ? እኔም ገብቼ ሳነበው እንግሊዞቹ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ዞረዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 በተሰጠ አንድ ፍርድ ምልክቱ ደንቡ እንዳዘዘው ካልሆነ ጥፋት ሚባል ነገር የለም ተብሎ ነበር፣ አንዲት የተዛነፈች መስመር ሰው ታድን ነበር ማለት ነው። በ2011 ግን ከሰንደርላንድ ከተማ የመጣ ክርክር ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ጥቃቅን ጉድለት ሾፌሩን እስካላሳሳተ ድረስ ቅጣቱን አያፈርስም ተባለ። ጥያቄው መስመሩ ፍጹም ነው ወይ መሆኑ ቀርቶ ሰው አሳስቷል ወይ ሆነ። ልክ ናቸው ብዬ ነው ማስበው። ሴንቲሜትር እየቆጠረ ቅጣት ሚያመልጥ ሰው እኔም አልወድም። ግን የአክስቴ ልጅ ሲሸነፍ ለምን እንደተሸነፈ በጽሁፍ ተብራርቶ ተሰጠው፣ እኔ የቀናሁት በሱ ነው፣ የኔ ደረሰኝ ላይ ያለው የብሩ መጠንና ፊርማ ብቻ ነው።

ለማንኛውም አሳስቷል ወይ ሚለው ጥያቄ ገባብኝና እስቲ መስመሩን በደንብ ልየው አልኩ። ሰርቬየር ጓደኛ አለኝ፣ እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መኪና ሳይመጣ፣ ሜትሩን ይዞ መጣልኝና መለካት ጀመርን። አምስት ደቂቃ አልሞላንም፣ ጥግ ላይ ሱቅ ያላቸው እናት ነጠላቸውን እያጣፉ ብቅ አሉ። "ልጆቼ፣ ሊፈርስ ነው እንዴ?" በዚህ የኮሪደር ልማት ዘመን አስፋልት ላይ ሜትር መዘርጋት ማለት ምን እንደሆነ ረስተነው። "አይ እማማ፣ የመኪና ማቆሚያ ነው ምንለካው።" አላመኑንም። ተመልሰው ገብተው ልጃቸውን ቀስቅሰው አወጡት፣ ጎረቤቱም ወጣ፣ የፀጉር ቤቷ ልጅም ወጣች፣ አንድ ሰውዬ ካርታችን አለን ብለው ሊያመጡ ሄዱ፣ ጓደኛዬ ሜትሩን ጠቅልሎ "ቀይ ቀለም እንዳልያዝን አሳያቸው" ይለኛል በሹክሹክታ። ሁሉም እስኪረጋጋ ግማሽ ሰዓት ፈጀ፣ እማማ በመጨረሻ ቡና ካልጠጣችሁ አትሄዱም አሉን፣ ጠጣን።

ልኩን ልንገራችሁ። ስድስት ማቆሚያ ነው ያለው፣ እያንዳንዱ 4.2 ሜትር ርዝመት፣ 1.7 ሜትር ወርድ። የኔ ቪትዝ 3.6 ሜትር ገደማ ናት፣ እሷ እንኳን ስትገባ ከፊትም ከኋላም ሠላሳ ሠላሳ ሴንቲሜትር ብቻ ነው ሚተርፋት። ሃይሉክስ ከ5 ሜትር በላይ ነው፣ አፍንጫው ጎረቤት ቤት ይገባል። ጎን ለጎን ከጠርዙ ጋር ሚቆም መኪና እኮ ርዝመቱን ብቻ አይደለም ሚፈልገው፣ አጣጥፎ መግቢያና መውጫ ይፈልጋል፣ ለዛ ነው ብዙ አገር ወደ 6 ሜትር ሚደርሰው። ነገሩ ያረጀ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 ኦክላሆማ ሲቲ ላይ በዓለም የመጀመሪያዎቹ የማቆሚያ ቆጣሪዎች ሲተከሉ በየ20 ጫማው ነበር፣ 6 ሜትር ከምናምን ማለት ነው። ያኛው ስድስት የተሰመረበት ቦታ በደንብ ቢለካ አራት ነው ሚይዘው። ለባጃጅ ቢሆን ሌላ ሂሳብ ነው፣ ባጃጅ 2.6 ሜትር ነው፣ ለሷ ሰፊ ነው።

ከሁሉ ያፈርኩበት ግን መጨረሻዋ ማቆሚያ ናት፣ እኔ የቆምኩባት። ከመታጠፊያው ጫፍ 3 ሜትር አትሞላም። አሜሪካኖቹ ዜብራ አጠገብ ቢያንስ 20 ጫማ ባዶ ተዉ ሚሉት ዝም ብለው አይደለም፣ እዛ ቪትዝ ከቆመች ከጎን መንገድ ሚወጣ ባለሳይክል እኔን እስኪያልፍ ድረስ ምን እንደሚመጣበት አያይም፣ ሚመጣውም እሱን አያየውም። ባህር ዳር ውስጥ ደሞ ሳይክል ያልነዳ ሰው የለም። ስለዚህ ታርጋዬን የፈቱት ሰዎች ስለ ቦታው ልክ ነበሩ፣ ይሄን ብዋጠውም ይመረኛል እንጂ ውሸት አይሆንም። እዛች ጥግ ላይ አንድ ታፔላ ቢተክሉ ግን እኔም አልቆምም፣ ካቻቢቴም አያስፈልግም ነበር።

ቡናውን ጠጥተን ስንወጣ ሰደርያ ለባሹ ልጅ መጥቷል። ሲያየኝ ሊሸሽ ምንም አልቀረው። "ጋሼ በእናትህ፣ እኔ ታርጋ ይፈታል ብዬ መች አሰብኩ" አለኝ። መስመሩን ማን አሰመረው አልኩት። መሬት መሬት እያየ "እኛ" አለ። በቡድን ነው ሚሰሩት፣ ድሮ እዛ ቦታ መስመር ነበር፣ የመንግስት የነበረ፣ ልጁ እንደሚለው፣ ከዛ አስፋልቱ ሲታደስ አዲሱ ንጣፍ ከላይ ገብቶ መስመሩ ተቀበረ፣ መልሶ ሚያሰምር ሰው ጠፋ፣ እነሱም ስራው እንዳይቀርባቸው ብር አዋጥተው ቀለም ገዝተው በገመድና በቡሩሽ ሌሊት አሰመሩት። "ድሮ የነበረበት ላይ ነው እኮ ያሰመርነው!" ስንት ነበር ድሮ አልኩት። "አራት።" አሁን ስድስት ነው። ዝም አለ። ከዛ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

እንግዲህ ፍረዱ። ልጆቹ ሥልጣን የላቸውም፣ ያሰመሩት ቀለም ከሕግ አንጻር ግድግዳ ላይ እንደተጻፈ ስም ነው። ከሱ በታች ግን፣ ምናልባት፣ አንድ ትክክለኛ መስመር አስፋልት ስር ተኝቷል፣ ወረቀቱም አንድ ቢሮ ካዝና ውስጥ ይኖር ይሆናል። መንገድ ሲታደስ መስመር መመለስ የስራው አካል ካልሆነ ሕጉንም አብረን ነው ምንቀብረው።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ፣ ጓደኛዬ በዚህ ላይ ካልጻፍክ እጣላሃለሁ ብሎኛል። ልጆቹ የቀቡት የግድግዳ ቀለም ነው። የመንገድ ቀለም ሌላ ነገር ነው፣ ደህናው ቴርሞፕላስቲክ ሚባለው ነው፣ 200 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ ትኩሱን ይፈስና ሲበርድ አስፋልቱን ነክሶ ይይዛል፣ ላዩ ላይ ደሞ እንደ አሸዋ የደቀቀ የመስታወት ፍሬ ይነሰነስበታል። ማታ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ፍሬዋ ብርሃኑን ወደመጣበት ወደ ሾፌሩ ትመልሰዋለች፣ መስመሩ ማታ ሚያበራው ለዛ ነው። የግድግዳ ቀለም ማታ አይታይም፣ አንድ ክረምት አያልፈውም፣ ዝናብ ሲነካው ደሞ ያሟልጫል፣ ለመኪና ምንም አይደለም፣ ለሳይክል ግን ክንድ ያሰብራል።

ባለፈው ሳምንት ልጆቹ ማመልከቻ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ፣ ጻፍኩ። ቦታው ተጠንቶ ለማቆሚያ እንዲፈቀድ፣ ከተፈቀደ አራት ማቆሚያ በትክክለኛው ቀለም እንዲሰመር፣ ከነሱ አንዱ የአካል ጉዳተኛ እንዲሆን፣ መታጠፊያዋ ጥግ ላይ ክልክል ሚል ታፔላ እንዲተከል። የአካል ጉዳተኛዋን ስጨምር አንዱ ልጅ "ጋሼ እሷ እኮ አትከፍልም" ብሎ ሊያስወጣት ነበር፣ ሌሎቹ ዝም አሰኙት። መስኮት ላይ ላሉት ሰውዬ ራሴ ነኝ የወሰድኩት፣ አነበቡት፣ "ይሄን ማን ጻፈው?" አሉ፣ ቀና ብለው አዩኝና ማህተም መቱበት።

እስካሁን መልስ የለም። ቪትዟን አሁን ራቅ አድርጌ አቁሜ በእግሬ ነው ምወርደው። ልጁ መጨረሻዋን ማቆሚያ በጥቁር ቀለም አጥፍቷታል፣ ባየኝ ቁጥር ደሞ ከመንገዱ ማዶ ሆኖ "ጋሼ፣ 6 ሜትር ነው ያልከኝ አይደል?" እያለ ይጮሃል።